አራት ባዶ ሳጥን

ኮዬ ፈጬ ላይ ነው፣ አስፋልቱ አልቆ ዳር፣
ምድር ቤት በረንዳ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጋር፣
አንዲት ማሽን አለች፣ በእጄ የሠራኋት፣
ብረቷን ከበያጅ ለምኜ ያቆምኳት፣
ሞተሯን ምናለሽ ተራ ተከራክሬ ያመጣሁላት።
ቀን ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ገላን፣ ሳሙና ፋብሪካ፤
ማታ ግን ጣውላ ነው የኔ ፋሲካ።

ክንድ አላት፣ ጥርስ አላት፣ ትዞራለች፣ ታጓራለች፤
መንገድ ካልነገሯት ግን መሪ እንዳጣ ዕውር ቆማ ትቀራለች።
አንዱ ሶፍትዌር ይስላል፣
ሌላው ቢላው የሚሄድበትን ይተልማል፤
የቱን ልያዝ ስል ነው ሦስት ወር የነጋብኝ፣
ምንትዋብ "እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላጠናህ" እያለች ስትስቅብኝ።

የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፣ ያብለጨልጫል፣
እንጨቱን ሳይነካ በስክሪን ቆርጦ ያሳያል፤
ግን ኪራዩ በወር፣ ኪራዩ በዶላር፣
የኔ ደሞዝ በብር፣ ካርዴ ድንበር የማይሻገር።
ሰላሳ ቀን በነጻ አስተናገደኝ፤
በሰላሳ አንደኛው ሥዕሌን ቆልፎ "ክፈል" አለኝ።

መገናኛ ድልድይ ሥር ሙአዝ የሚባል አለ፣
"ጋሼ፣ የተሰበረው አለኝ፣ ሙሉው በሁለት መቶ ብር" እያለ
ፍላሽ የሚቸረችር። ገዛሁ፣ አልዋሽም።
የሰው ላብ ያለ ደረሰኝ! ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ አይበጅም።
ቫይረሱ ገብቶ የሰርጋችንን ፎቶ ሲበላ፣
ምንትዋብ ምንም አላለች። ዝምታዋ ነበር ዱላ።

ሦስተኛውን "ነጻ ነው፣ የሚኖረው ደመና ላይ ነው" አሉ፤
ደመናስ ሞልቶናል እኛ ሰፈር፣ ክረምቱን በሙሉ፤
ኔትወርኩ ነው እንጂ ከመብራቱ ጋር ተማክሮ የሚጠፋው፣
ግማሽ ጽጌረዳ ነው ለዋንዛው የተረፈው።

አራተኛው አስቀያሚ ነው። መልኩ የደበዘዘ፣
ቁልፉ የተበታተነ፣ አነጋገሩ የነፈዘ፤
የማላውቃቸው ሰዎች፣ ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ የሠሩት፣
"ውሰድ" ብለው የሰጡት።
እሱንም ናቅኩት። ደግሞ በኢንች ነው የሚያስበው፣
እኔ በሚሊሜትር፤
ሳንግባባ ቀርተን ቢላው ጣውላውን አልፎ ጠረጴዛዬን በሳው።

ከዚያ ፍስሐጽዮን መጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣
"ስም ቅረጽልኝ" አለ፣ "ከሱቄ በር ከላዩ፤
'ጵንኤል' በልልኝ።"
ቆንጆው ሶፍትዌር በምንትዋብ ኢሜይል ዳግም ተከፈተ፤
"ጵንኤል" ብዬ ጻፍኩ፣
አራት ባዶ ሳጥን ደርድሮ ጎለተ።
አራት መስኮት፣ ሰው የሌለበት፤
አራት ኮንዶሚኒየም፣ ዕጣ ያልወጣበት።

ልጄ ኤፍራታ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ በትከሻዬ በላይ አይታ፣
"ማንበብ ካልቻለ ለምን ታስነብበዋለህ?" አለች፣
ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን ቀምታ።
"ጵ"ን በካርቶን ሣለች፣ "ን"ን፣ "ኤ"ን፣ "ል"ን አስከትላ፣
በስልክ አነሳችው፣
አስቀያሚው ላይ ጫነችው፣ "መስመር ነው" ብቻ ብላ።
እሱም ተቀበለ። መስመር አገር አይጠይቅም፤
ማንበብ ባይችልም መከተል አያቅተውም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ መብራት ሲመለስ፣ ቆረጥን፣
የዋንዛ ብናኝ ለብሰን፣ አፋችንን በሻሽ ሸፍነን።
የ"ጵ" እግር ትንሽ ጎብጧል። "ላቃናው?" ስለው፣
ፍስሐጽዮን በጣቱ ዳብሶ፣ "ተው" አለኝ፣ "ተወው።"

ልማድ ነው፣ መዝገቤን አወጣሁ ወጪውን ልጽፍ፦
ዋንዛ፣ ሁለት ጣውላ። ቢላ፣ አንድ፣ የተሰበረ ጫፍ።
ፍላሽ፣ ሁለት መቶ ብር፣ ኪሳራ።
ሶፍትዌር፦
እጄ "ዜሮ" ሊል ሄዶ፣ መልሶ ፈራ።
የነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች ማታ በስንት ልተምነው?
ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።
ኤፍራታ "ረሳኸው" አለች። አልረሳሁትም፤ ዕዳ ነው።